ከጅማ ወደ ብርድ አገር ለሥራ፦ ከብርዱ በፊት እርጥበቱን

ብርድ አገር ለሥራ ሊሄድ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ጃኬት ውፍረት ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ሁለተኛ መሆን ነበረበት። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ላቤን ምን አደርገዋለሁ? እግሬንስ እንዴት ደረቅ አድርጌ አውላለሁ?» ተብሎ ነው። ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ውስጥ ጣት ሲሞት፣ ሞተር ሲሰነጠቅ፣ አርማታ ሲፈረካከስ፣ የአየር ፍሬን ሲከዳ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አንድ ነው፦ መኖር የሌለበት ቦታ ላይ ውሃ ተገኝቷል። ይህን የምጽፈው ከጅማና ከአካባቢው ተነስተው ወደ አሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ፣ ወደ ካናዳዎቹ ኤድመንተንና ዊኒፔግ፣ ወደ መሰል ከተሞችም ለሚሄዱ ሠራተኞች ነው፤ በተለይ ለሾፌሮች፣ ለመካኒኮችና ለግንባታ ሰዎች።

እኛ ወይና ደጋ ላይ ነን። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆና የዓመቱ አማካይ ሙቀቷ 20 ዲግሪ ገደማ ነው። ብርድ የምንለው ቡና በሚለቀምበት በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የሚመጣውን ነው፤ ያኔም ጋቢ ደርቦ ማደር ይበቃል። የዊኒፔግ የጥር አማካይ ከዜሮ በታች 16 አካባቢ ነው። ሳይቤሪያ ውስጥ ያለችው ያኩትስክ ከ300,000 በላይ ሕዝብ ይዛ ከዜሮ በታች 38 ገደማ በሆነ የጥር አማካይ ውስጥ ትኖራለች። ሰው እዚያም ይሠራል፣ ልጅ ያሳድጋል፣ መኪና ይነዳል። ስለዚህ ነገሩ የሚቻል ነው፤ ግን በዘፈቀደ አይቻልም።

ቋንቋችን ራሱ ሁለት ቦታ ላይ ያሳስተናል። «ክረምት» ስንል ሐምሌና ነሐሴን፣ ዝናብና ጭቃን ነው የምናስበው፤ የእነሱ ብርድ ግን የሚበረታው በእኛ በጋ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። የሥራ ውል ስትፈርሙ ወሩን በወር ስሙ ጠይቁ። ሁለተኛው «በረዶ» ነው። ጣሪያ የሚደበድበውንም፣ ከማቀዝቀዣ የሚወጣውንም፣ እንደ ጥጥ የሚወርደውንም በአንድ ቃል እንጠራቸዋለን። ለሠራተኛ ልዩነታቸው ትልቅ ነው። ከዜሮ በታች 20 ላይ የሚወርደው ደረቅ ነው፤ ከትከሻችሁ ላይ በእጅ ስትጠርጉት እንደ ዱቄት ይረግፋል፣ ልብስ አያረጥብም። ዜሮ አካባቢ የሚወርደው እርጥብ ነው፤ ልብስ ላይ አርፎ ይቀልጥና ይገባል። እየዘነበ መሬት ሲነካ የሚረጋ ዝናብም አለ፤ መንገዱን በመስታወት ይለብጠዋል። ከሁሉ የከፋው አስፋልት ላይ የሚሠራው ስስ በረዶ ነው፤ እርጥብ መንገድ ብቻ ይመስላል እንጂ አይታይም። አዲስ የመጣ ሰው «ዛሬ ሞቋል፣ ዜሮ ነው» ብሎ የሚዘናጋበት ቀን በእኔ ግምት ከዜሮ በታች 20 ከሆነው ቀን የበለጠ ያሰጋል። ሚኒያፖሊስ የምትሄዱ ደግሞ ዲግሪው በፋራናይት እንደሚነገር እወቁ፦ 32 ማለት የእኛ ዜሮ ነው፣ ዜሮ ማለት ከዜሮ በታች 18 ነው፤ ከዜሮ በታች 40 ላይ ሁለቱ መለኪያዎች ይገናኛሉ።

ከጅማ ወደ ዓረብ አገር የሄደ ሰው ልምዱን ወደ ብርድ አገር ይዞት ሊሄድ ይሞክራል፤ እዚህ ላይ ሰውነት ሁለቱን እኩል አያይም። ለሙቀት ሰውነት በእውነት ይለምዳል። ከ7 እስከ 14 ቀን በሙቀት ውስጥ ቀስ እያለ የሠራ ሰው ላቡ ቀድሞ ይመጣል፣ ጨው ይቆጥባል፣ የልቡ ምት ይረጋጋል። ሆኖም ሙቀትን በማውለቅ ማምለጥ አይቻልም፤ ለዚህ ነው የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ በፈረንጅ አቆጣጠር በቀትር፣ ከ6፡30 እስከ 9፡00 ሰዓት በእኛ፣ ሜዳ ላይ መሥራትን የሚከለክሉት። ብርድ ተቃራኒው ነው። በልብስ ይመለሳል፣ ግን ሰውነት ብዙም አይለምደውም። እጅ ትንሽ ይደነድናል፣ ድንጋጤው ይቀንሳል፤ ከዚያ ውጭ የአገሬው ሰው የሚኖረው በልብሱ፣ በቤቱና በልማዱ ነው። አጠገባችሁ ያለው ሰው ጓንት አውልቆ ሲሠራ አይታችሁ አትፎካከሩ።

አለባበሱ ላይ ልቆይ፤ ስህተቱ የሚበዛው እዚህ ነውና። የሚያሞቀን ጨርቁ ሳይሆን ጨርቁ ውስጥ ታስሮ የቆመው አየር ነው። ጋቢ የሚሞቀው አራት ድርብ ሆኖ በድርቦቹ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው፤ የሚሞቀውም ተቀምጠን ደረቅ እስከሆንን ድረስ ነው። ጥጥ ላብ ሲጠጣ አየር የነበረበትን ቦታ ውሃ ይይዘዋል፣ ውሃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ ፈጥኖ ያሸሻል። ስለዚህ ጋቢውን ለቤት ውሰዱት፤ ለሥራ ግን ከሥጋችሁ ጋር የሚነካካ ምንም ጥጥ አይኑር። ካናቴራ፣ የጥጥ ካልሲ፣ ጂንስ ሱሪ ሦስቱም ይቅሩ።

ሥጋ ላይ የሚያርፈው ስስ የበግ ጠጉር ወይም ፖሊስተር ይሁን፤ ላብን ወደ ውጭ ያሳልፋል። በላዩ አየር የሚይዘው ይመጣል፦ ፍሊስ (ለስላሳና ጠጉራም ሰው ሠራሽ ጨርቅ) ወይም ወፍራም የበግ ጠጉር ሹራብ፣ እንደ ብርዱ አንድ ወይም ሁለት። ከላይ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት። ከላይ ያለው ከውስጡ ሰፋ ያለ መሆን አለበት፤ ጠባብ ጃኬት የውስጡን አየር ጨፍልቆ ያስወጣውና ሹራቡ ከንቱ ይሆናል። አንድ በጣም ወፍራም ጃኬት ብቻ መልበስ የማይመከረው ደረጃ ስለሌለው ነው፤ ወይ ታልቡበታላችሁ ወይ ታወልቁታላችሁ።

ልማዱ ከልብሱ ይበልጣል። ሥራ ስትጀምሩ ትንሽ ሊበርዳችሁ ይገባል። ስትጀምሩ ሞቆአችሁ ከሆነ ከ15 ደቂቃ በኋላ ታልባላችሁ፤ ያ ላብ ለምሳ ስትቆሙ ይቀዘቅዛል፣ ከሰዓት በኋላ የሚንቀጠቀጠው ሰው ጠዋት ያላበው ነው። ላብ ከመምጣቱ በፊት ዚፑን ክፈቱ፣ ኮፍያውን አንሱ፣ አንድ ሹራብ ቀንሱ፤ ሥራ ስታቆሙ ሳትቀዘቅዙ መልሱት። መለወጫ የውስጥ ልብስና ሁለት ጥንድ ካልሲ በፌስታል ቋጥራችሁ ያዙ፣ ቀትር ላይ ለውጡ። አፍ ላይ የሚታሰረው ሻርፕ ከትንፋሽ ረጥቦ ድርቅ ብሎ ይረጋል፤ ሁለት ይኑራችሁ፣ በየተራ።

ቦት ጫማ በቁጥራችሁ ልክ አትግዙ። ወፍራም ካልሲ አድርጋችሁ ጣቶቻችሁ እንደልብ የሚላወሱበት መሆን አለበት፣ ብዙ ጊዜ አንድ ቁጥር ከፍ ይላል። ሁለት ካልሲ ጠብቆ ከሚገባ አንድ ካልሲ ልቅ ብሎ ቢገባ ይሻላል፤ የተጨነቀ እግር ደም አይደርሰውም። የውስጥ ሽፋኑ የሚወጣ ይሁን፤ ያለ ሽፋን መለወጫ የተሸጠ የብርድ ጫማ ለሙሉ ቀን ሥራ አይሆንም። ማታ ማታ ሽፋኑን አውጥቶ ማድረቅ ግዴታ ነው። አደራረቁን ቡና ያደረቀ ሰው ያውቀዋል፦ ቡና እንደሚሰጣበት ከመሬት ከፍ ያለ አልጋ ላይ ዘርግቶ፣ አየር ከላይም ከታችም እንዲያገኘው፣ በዝግታ። ማሞቂያ ላይ መለጠፍ ሙጫውን ይፈታል፣ ሽፋኑንም ያኮማትራል። እርጥበት በዓይን እንደማይታይ የቡና ሰው አይጠፋውም፤ እጅ ከትቶ ጣት ስር ያለውን ጫፍ መዳሰስ ነው፣ መጨረሻ የሚደርቀው እሱ ነው።

መሬቱም ሙቀት ይስባል። ቆሞ የሚበይድ ሰው እግሩ ስር ሳንቃ፣ መኪና ስር የሚተኛ መካኒክ ጀርባው ስር ካርቶን ያንጥፍ። ለእጅ ሦስት ነገር ያዙ፦ ስስ የውስጥ ጓንት፣ የሥራ ጓንት፣ እና አራቱ ጣቶች አንድ ላይ የሚገቡበት ትልቅ ጓንት። ብሎን ለማሰር ትልቁን አውልቃችሁ በስሱ ሥሩ፣ ወዲያው መልሱ። ባዶ እጅ ብረት አይንካ። ቤንዚን የሚቀዳ ሰው በተለይ ይጠንቀቅ፤ ቤንዚን በዚያ ብርድ አይረጋም፣ ከዜሮ በታች 30 እንደሆነ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል፣ እጅ ላይ ሲፈስ እየተነነ በቅጽበት ሥጋ ያረጋል።

ነፋስ ሲጨመር ሒሳቡ ይለወጣል። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሰዓት 30 ኪሎሜትር ከሚነፍስ ነፋስ ጋር ለተጋለጠ ቆዳ ከዜሮ በታች 33 ያህል ነው። በካናዳ የአየር ትንበያ አነጋገር ይህ ከዜሮ በታች 28 እና 39 መካከል ሲሆን ክፍት ቆዳ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ሊረጋ ይችላል፤ ከዜሮ በታች 40 ሲያልፍ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል። ለቆመ መኪና ግን ነፋሱ ቶሎ ያቀዘቅዘዋል እንጂ ከአየሩ በታች አያወርደውም።

ሰሜን አሜሪካ የሥራ ደኅንነት ላይ የሚሠሩበት ሰንጠረዥ አለ፤ የ4 ሰዓት ፈረቃን ይመለከታል። ነፋስ ሳይኖር ከዜሮ በታች 32 እስከ 34 ሲሆን በአንድ ጊዜ ከ75 ደቂቃ በላይ አይሠራም፣ 2 የማሞቂያ ዕረፍት አለ። ከ35 እስከ 37 ሲሆን 55 ደቂቃና 3 ዕረፍት። ከ38 እስከ 39 ሲሆን 40 ደቂቃና 4 ዕረፍት። ከ40 እስከ 42 ሲሆን 30 ደቂቃና 5 ዕረፍት። ከ43 በታች አስቸኳይ ካልሆነ ሥራ ይቆማል። ነፋስ በተጨመረ ቁጥር ወደሚቀጥለው ደረጃ ይወረዳል። ዕረፍቱ 10 ደቂቃ ሆኖ ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ነው። ይህን አለቃችሁን ጠይቁ፤ መጠየቅ ስንፍና አይደለም።

አሁን ለእኛ ለጥቁሮች በተለይ የሚሆን ነገር። በአሜሪካና በእንግሊዝ ወታደሮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ጥቁር ወታደሮች እጅና እግራቸው በብርድ ከነጮቹ በበለጠ እንደሚጎዳ አሳይተዋል። የጣት ደም ሥሮቻችን በብርድ አጥብቀው ይዘጋሉ፣ መልሰው ለመከፈትም ይዘገያሉ። በዚያ ላይ የማስተማሪያ ሥዕሎች ምልክቱን የሚያሳዩት በነጭ ቆዳ ላይ ነው፦ መቅላት፣ ከዚያ መንጣት። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ አይታይም። የሚታየው አመድማ መሆን፣ ሰም የተቀባ መምሰል ነው፤ ከዓይን ይልቅ ስሜትን ማመን ይሻላል። ሲያቃጥል የነበረ ጣት በድንገት ዝም ካለ ሞቆ አይደለም፣ ደንዝዞ ነው። በየ20 ደቂቃው ጣቶቻችሁን አላውሱ፤ የጓደኛችሁን ጆሮና አፍንጫ እዩለት፣ እሱም የእናንተን።

የደነዘዘ ሥጋ አይታሽም፣ በበረዶ አይፈተግም፣ እሳት ላይ አይያዝም፤ ስሜት ስለሌለው ሳይታወቅ ይቃጠላል። ገና ላይ ላዩን ከሆነ ብብት ውስጥ ማስገባት ይበቃል። ከጠነከረ ሐኪም ቤት ነው፤ ሐኪም ሩቅ ከሆነ ከ37 እስከ 39 ዲግሪ ባለ ውሃ ውስጥ እስኪለሰልስ፣ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይነከራል። ቴርሞሜትር ከሌለ እናት ሕፃን ስታጥብ እንደምታደርገው፣ ያልተጎዳ ሰው በክርኑ ይለካው። ሲመለስ በጣም ያማል። መልሶ ሊቀዘቅዝ የሚችል ከሆነ ግን ሳታሞቁት ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ ቀልጦ ዳግም የረጋ ሥጋ ጉዳቱ የከፋ ነው።

የመላ ሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሃይፖተርሚያ ይባላል። ሰውየው ይንቀጠቀጣል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ ዕቃ ከእጁ ይወድቃል፣ ይደናቀፋል፣ ደህና ነኝ እያለ ይከራከራል። መንቀጥቀጡ ሳይሞቅ ከቆመ አደጋው ከፍቷል። ከነፋስ አውጡት፣ እርጥቡን ልብስ አውልቁለት፣ ደረቱንና ብብቱን በደረቅ ብርድ ልብስ አሙቁ፣ ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ጣፋጭ ሻይ ስጡት፣ አምቡላንስ ጥሩ። አረቄ አይሰጠውም፤ አረቄ የቆዳ ደም ሥሮችን ከፍቶ የውስጡን ሙቀት ያባክናል፣ የሚሰማው ሙቀት ሐሰት ነው። ሲጋራና ጫት ተቃራኒውን ያደርጋሉ፣ የጣት ደም ሥር ይዘጋሉ፤ ጫት እነዚያ አገሮች ውስጥ በሕግም ያስከስሳል።

ቤት ውስጥ አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ ላስጠንቅቅ። የጅማ የጭቃ ቤት ይተነፍሳል፤ በቆርቆሮና በግድግዳው መካከል ነፋስ ይገባል፣ ከሰል ተያይዞ ቡና ሲፈላ ጭሱና ጋዙ መውጫ አለው። የብርድ አገር ቤት ነፋስ እንዳያስገባ ተደፍኖ የተሠራ ነው። እዚያ ውስጥ ከሰል ማያያዝ ሞት ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ ራስ ምታትና እንቅልፍ ብቻ ይሰማል። ጀበናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ አፍሉት፣ የጋዙን ጠቋሚ መሣሪያ መኝታ ቤት አጠገብ ስቀሉ። መኪና ውስጥም ያው ነው፤ በረዶ ውስጥ የቆመ መኪና ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት የጭስ ማውጫውን በአካፋ ግለጡት።

መኪናን በተመለከተ ጅማ ላይ የለመድነው አብዛኛው ነገር እዚያ ሞተር ይገድላል። ራዲያተር ሲጎድል ከቧንቧ ውሃ መጨመር የመጀመሪያው ነው። ውሃ ሲረጋ 9 በመቶ ያህል ይሰፋል፣ የሞተሩንም ብረት ይሰነጥቃል። ኩላንትና (ራዲያተሩ እንዳይረጋ የሚጨመረው ፈሳሽ) ውሃ ግማሽ ለግማሽ ሲሆን ከዜሮ በታች 37 ገደማ ድረስ አይረጋም፤ 60 በመቶ ኩላንት ሲሆን 50ን ያልፋል። ብዙ ሰው የማያምነው ንጹሕ ኩላንት ብቻውን ከዜሮ በታች 13 አካባቢ እንደሚረጋ ነው፤ ስለዚህ «ያለ ውሃ ብሞላው ይሻላል» ማለት ስህተት ነው።

ባትሪ ከዜሮ በታች 18 ላይ የማስነሻ ኃይሉ ግማሽ ያህል ይቀራል፤ በዚያው ሰዓት ዘይቱ ወፍሮ ሞተሪኖው የበለጠ ይጠይቃል። 20 ደብሊው 50 ዘይት እዚያ እንደ ማር ነው፤ መኪናው የሚፈቅደውን፣ በብርድ የማይወፍረውን 0 ደብሊው ዘይት ተጠቀሙ። ባትሪው ባዶ ሆኖ እንዳያድር፤ ባዶ ባትሪ ውስጡ ውሃ ማለት ነው፣ ከዜሮ በታች 10 ሳይደርስ ይረጋል፣ የሞላው ግን ከ50 በታችም ይቋቋማል። የረጋ ባትሪ ላይ ኬብል አትሰኩ፣ ሊፈነዳ ይችላል። የሞተር ማሞቂያውን መሰኪያ ከመነሳት 3 ወይም 4 ሰዓት በፊት በሰዓት ቆጣሪ ማብራት ይበቃል፤ ሌሊቱን ሙሉ መሰካት መብራት ማባከን ነው።

የከባድ መኪና ሾፌር ትልቁ ወጥመድ ናፍጣ ነው። ናፍጣ ውስጥ ሰም አለ፤ በብርድ ይረጋና ማጣሪያውን ይደፍናል። ከሞቃት ግዛት ሞልቶ ወደ ሰሜን የሚነዳ ሰው ማታ ያቆመው መኪና ጠዋት አይነሳለትም። ደቡብ ላይ አትሙሉ፤ ሰሜን ስትገቡ የክረምቱን ናፍጣ ቅዱ። ታንኩን ከግማሽ በላይ አቆዩት፣ ባዶው ክፍል ላይ ጤዛ ይሠራልና፤ የውሃ መለያውን በየቀኑ አፍስሱ። የአየር ፍሬን ታንኮችንም እንዲሁ፤ ኮምፕሬሰሩ እርጥብ አየር ይስባል፣ ውሃው ቫልቭ ውስጥ ሲረጋ ፍሬን የለም። ከማቆማችሁ በፊት ፍሬኑን ደጋግማችሁ በቀስታ ረግጣችሁ አድርቁት፣ አለዚያ ሸራው ከታምቡሩ ጋር ተጣብቆ ያድራል። ጎማ በየ5 ወይም 6 ዲግሪው ቅዝቃዜ 1 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ) ገደማ ያጣል፤ ሞቅ ያለ ጋራዥ ውስጥ ልክ ነው ብላችሁ የነፋችሁት ውጭ ከዜሮ በታች 30 ላይ 9 ፒኤስአይ ያህል ይጎድለዋል።

አርማታ ላይ ጅማ ያለው ጭንቀት ቶሎ እንዳይደርቅ ውሃ ማጠጣት ነው። እዚያ አዲስ አርማታ ውሃ ሳይጠጣ ይሸፈናል። ከ5 ዲግሪ በታች ሲሚንቶው ሥራው ይዘገያል፤ 3.5 ሜጋፓስካል ያህል ጥንካሬ ሳይደርስ ከረጋ ውስጡ ያለው ውሃ ሰፍቶ ይበጣጥሰዋል፣ በኋላ ምንም አይጠግነውም። ውሃውን አሙቆ ማቡካት፣ የረጋ መሬት ላይ አለመሙላት፣ ፌሮው ላይ ያለውን በረዶ ማጽዳት፣ ከላይ በማሞቂያ ብርድ ልብስ መሸፈን ነው ሥራው። ለማፍጠን ካልሲየም ክሎራይድ የሚጨምር አለ፤ ፌሮ ባለበት አርማታ ውስጥ ግን ብረቱን ስለሚያዝግ እንቢ በሉ።

ስልክ ከውስጥ ኪስ፣ ከሰውነት አጠገብ ይቀመጥ፤ ውጭ ኪስ ውስጥ 60 በመቶ ያሳየው በድንገት ይጠፋል። ከዜሮ በታች ሆኖ ቻርጅ አይደረግም፣ ባትሪው ውስጡ ይበላሻል። ከውጭ ሲገባ መነጽሩም፣ ስልኩም፣ ካሜራውም ጤዛ ይለብሳል፤ ሳይሞቅ አትክፈቱት። ከጅማ የተላከላችሁ ቡናም ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ቀዝቅዞ ሲመጣ እንደዚያው ነው። ፌስታሉን እንደታሰረ ቤት ውስጥ ለጥቂት ሰዓት አቆዩት፤ ሲሞቅ ፍቱት። ቀዝቃዛውን ከፈታችሁት የቤቱ እርጥበት ፍሬው ላይ ያርፋል፣ አባቶቻችን አልጋ ላይ ለሳምንታት ያደረቁትን በአንድ ማታ መልሶ ያረጥበዋል።